ያልተጨረሰው ወለል

እዚህ ግዳንስክ ውስጥ፣ ከወደቡ ማዶ፣
ጉልበቴ ያልነካው ወለል የት ተወልዶ!
የሰው መታጠቢያ ቤት፣ የሰው ሳሎን፣ ጓዳ፣
ጎንበስ ብዬ ሳነጥፍ ከጠዋት ማለዳ፣
የራሴ ማዕድ ቤት አራት ዓመት ሞላው፤
ግማሹን ለበሰ፣ ግማሹን ብርድ በላው።
«ሸክላ ሠሪ በገል...» ትላለች ግራዥና፣
ተረቱን ሳትጨርስ ትወጣለችና
ለሌሊት ፈረቃ፣ ወደ ሆስፒታሉ።
እኔና ያጎዳ ቀረን፤ ደብተር ሙሉ
የክፍልፋይ ጣጣ።

«ሁለት ሦስተኛ ላይ አንድ አራተኛ ሲጨመር
ስንት ነው?» አለችኝ፣ እርሳስ እያኘከች፣ ከጠረጴዛው ዳር።
ሦስት ሰባተኛ ብላ ጽፋ ነበር።

ትክክል አለመሆኑን ሆዴ ነገረኝ፤
ለምን እንደሆነ ግን አፌን ያዘኝ።
መጣብኝ የጥንቱ፣ ጥቁሩ ሰሌዳ፣
ጠመኔው ሲወረወር፣ ጆሮዬ ሲጎዳ፣
ሠላሳ ልጅ ሲስቅ። ከአፌም አመለጠኝ፦
«ተይው፣ ሂሳብ የሚሉት ከዘራችን የለም፤ እኔንም አልሰጠኝ።»

«እንዲያ ከሆነማ፣ እኔንም» አለች።
አላዘነችም ግን። ደብተሩን ዘጋች።
እፎይ አለች።
ያ እፎይታዋ ነው ያስደነገጠኝ፤
ብታለቅስ ኖሮ ይሻል ነበር መሰለኝ።

በረንዳ ወጣሁ። ዝናብ ያረጠበው
የሰው ቤት ትራፊ በካርቶን የኖረው፣
ነጩ፣ ሰማያዊው፣ አቅፌ አመጣሁ በክንዴ፤
«ነይ ተንበርከኪ» አልኳት፣ «እንደ እኔ፣ እንደ ልማዴ።»

አሥራ ሁለት ሳጥን አሰመርኩ በጠመኔ
(ያው ጠመኔ ነበር፤ ዛሬ ግን የእኔ)።
ሦስት ረድፍ በአራት፣ ባዶው ሲሚንቶ ላይ።
«ሁለት ሦስተኛውን በነጭ ሙዪው፣ እስኪ እንይ።»
ስምንት ነጭ ደረደረች።
«አንድ አራተኛስ?» ሦስት ሰማያዊ ጨመረች።
አሥራ አንድ ሆነ። ከዳር አንድ ባዶ ቀረ፤
ጣቷ ያችን ጎዶሎ ደጋግሞ ዞረ።

«ግን ለምን አሥራ ሁለት?»
እኔ እንጃ። እጄ ነው የመረጠው፤ እጄን ጠየቅሁት።
«ለሦስትም ለአራትም ይካፈላል፣ አንዱም ሳይሰበር»
አልኩ፤ ስናገረው ገና ያወቅሁት።

«አንድ አምስተኛና አንድ ሦስተኛስ?» አለች፤ አሁን ጥያቄው ከራሷ ነው።
«አሥር» አልኩ ፈጥኜ። አሥር ሳጥን ሠራን። ሦስተኛው እንቢ አለ፣
መቁረጫዬን አነሳሁ።
«አባዬ፣ ተሳሳትክ!» ብላ ጮኸች፤ ጎረቤት እስኪሰማ፣
እንደዚህ ያለ ደስታ በልደቷም አልሰማሁም ከእሷ ዘንድ፣ እውነት ለመናገር፣ ከቶውንማ።
«ተሳሳትኩ» አልኩ።
ሰሌዳ ፊት ቆሜ አንድ ቀን ያልወጣኝ ቃል፤
ለካስ ሲሉት ይቀላል።

ከዚያ ዝም አልኩ። እሱ ነው የከበደኝ።
አሥራ አምስት፣ አሥራ አምስት እያለ ምላሴ ሲበላኝ፣
እሷ ስትቆጥር፣ ስታጠፋ፣ ጣት ሲጎድላት፣
ክንዴን በክንዴ ይዤ ጠበቅኋት።
አንጣፊ ነኝና አንድ ነገር አላጣም፦
ማታ የተለጠፈ ወለል ላይ አይቆምም።
«ያዘ ወይ?» ብሎ የረገጠ ሰው
አበላሸ እንጂ አላፈጠነው።

ጎህ ሲቀድ ግራዥና ጫማዋን አንጠልጥላ ገባች።
የጠመኔ አቧራ፣ የተበተነ ሴራሚክ፣ የተከፈተ ደብተር፤
ልጅቷ ሶፋ ላይ ካልሲዋን ሳታወልቅ ተኝታለች።
ደብተሩን አነሳች። አሥራ አንድ አሥራ ሁለተኛ።
ከሥሩ ስምንት አሥራ አምስተኛ፣ ሁለት ጊዜ ተሰርዞ።
ከሱ በታች፣ ማንም ያላዘዘው፦ «ለሰባትና ለአራትስ?»

«አራት ዓመት ስለምንህ!» አለች። «ጨረስከው እንዴ?»
«አልጨረስነውም።»
እግሯን ልታሳርፍ ነጩ ላይ አነሳች።
ማጣበቂያ እንኳ አልነካውም ነበር፤ እኔ ግን
«በዳር በዳር እለፊ» አልኳት፣
«ገና አልደረቀም።»