ከሐራጅ በፊት ቅምሻ

ለተከበሩት ዳኛ፣ ለቡሬ ወረዳ፣
በመዝገብ ስለያዙት የጠጅ ቤት ዕዳ፣
እኔ ጸሐፊዎ፣ ምንይችል አስረስ፣
ያየሁትን ልጻፍ፣ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ።

ጓንጉል፣ ነፍስ ይማር፣ በሚያዝያ አረፈ፤
የባንክ ብድሩ ግን ከሱ ዕድሜ አለፈ።
ሚስቱ እናኑ ቀረች፣ ከአምስት — ይቅርታ፣ ከአራት ጋን ጋራ፣
አፋቸው በኮባ፣ በጭቃ ታሽጎ የቆሙ በተራ።
በየሆዳቸው ላይ በከሰል ተጽፏል፣ በጓንጉል ጣት፦
አንዱ የገተም ነው፣ ከባንጃ የመጣ፣ ማሩ ነጭ እንደ ወተት፤
አንዱ የግራዋ፣ መጀመሪያ መሮ በኋላ የሚያባብል፤
ሦስተኛው የብሳና፤ አራተኛው የአደይ፣ ገና ሳይከፈት መስክ መስክ የሚል።

ትእዛዝዎ ይላል፦ «ሐራጁ ሳይከፈት፣
ተጫራች ነኝ ያለ፣ ሃያ ብር አስይዞ፣ ይቅመስ ከየዓይነት።»
ስንት ተጫራች ግን፣ ክቡርነትዎ አልገደቡም፤
እኔም የዳኛ ቃል አላጥርም፣ አላረዝምም።

ቀድሞ የደረሰው ከባሕር ዳር ነበር፣ ባለ ሆቴል፣ ባለ ከረባት፤
ብርሌውን ይዞ ወደ መስኮት ዞረ፣ ፀሐይ አሳየበት፤
አሽከረከረና አፍንጫውን ሊሰድ ሞከረ፤
የብርሌ አንገት ለአፍንጫ አይከፈት፣ ከደጅ ተመልሶ ቀረ።
ተጎነጨ ጥቂት፣ ከጉንጭ ጉንጭ አመላለሰ፣
ዓይኑን ጨፈነና — እንትፍ! — መሬት ላይ አፈሰሰ።
«ጭስ አለው» አለ፣ «ትንሽ ቆዳ፣ ትንሽ የዝናም አፈር፤
ወይን ሲቀመስ እንዲህ ነው፤ መትፋት ነው ደንቡ፣ መዋጥ ግን ነውር።»

እናኑ ዝም አለች። አመድ አመጣችና
የተተፋውን ሸፈነች፣ እንደ ሬሳ ገናዥ፣ በትሕትና።
ከዚያ ከበሩ ወጥታ፦ «ጎረቤት!» አለች፣ «ስሙ!
የጓንጉልን ጠጅ መሬት እየጠጣው ነው፤ ከመሬት ቅደሙ!»

ቅዳሜ ነው፣ ገበያ። ስማቸው ከመዝገቡ አለ፦
ባለጋሪው አለኸኝ ሃያ ብር ከፈለ፤
የወፍጮው ይሁኔ፣ ጢሙ በዱቄት ነጥቶ፣ ተከተለ።
«ጨረታ ምንድን ነው?» ስትል ጠየቀችኝ የጨው ነጋዴዋ ጥሩዬ፤
«መቅመስ ነው» አልኋት፤ «እንግዲያ ሁልጊዜ ተጫራች ነኝ፣ ጌታዬ!»
የበሬ ደላላው ሞላልኝ፣ ከኔው በተበደረው ብር፤
በር ጠባቂው ፖሊስ፣ ቆቡን አውልቆ፣ «አሁን ሲቪል ነኝ» ብሎ፣ በስውር።

ማንም አልተፋ። አለኸኝ ግራዋውን ቀመሰና ተከዘ፦
«ይህ ዝናም የቀረ ዓመት ነው፤ ያኔ ነው ጓንጉል ብድር የያዘ…»
ለማን እህል እንደገዛበት አልጨረሰም፤
ቤቱም ለጥቂት ጊዜ አልተነፈሰም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ሐራጁን ከፈትሁ፤
የመጀመሪያውን ጋን በጣቴ ደበደብሁ፤
ድው! አለኝ። ሁለተኛው ድው። ቀጠልሁ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን፤
ድው። እንግዳው ከረባቱን ፈታ፤ እሱም ሳይተፋ ኖሯል የኋለኛውን።

የማስያዣው ገንዘብ፦ ስድስት ሺህ ሁለት መቶ አርባ።
«ይመለስልኝ» የሚል እስኪመሽ ጠበቅሁ፤ ማንም አልገባ።
ባዶ ጋን የገዛች እናኑ ናት፣ በአራት ብር፣ አንዱን ባንድ፤
ደረሰኝ ቆርጫለሁ፣ ቴምብሩም አለበት፣ አልወጣሁም ከሕግ መንገድ።

ጸሐፊውስ? ካሉኝ፣ እውነት ነው፣ እኔም ቀምሻለሁ፤
ሳልቀምስ ምን ብዬ «ጥራት» ከሚለው ላይ እጽፋለሁ?
አንድ ብርሌ ብለዋል፤ እኔ ግን ሁለት፣ ምናልባት ሦስት…
ለዚህ ነው ፊደሌ እዚህ ላይ ያዘነበለው፣ እንደ አሮጌ ቤት።

ስለ አምስተኛው — ምንም አምስተኛ የለ፤
እጄ ነው የሳተ፣ እላይ የከተበ አምስት እያለ።

በ«አስተያየት» ዓምድ ሥር ቦታው ጠባብ ነው፣ ለብዙ ቃል አይሆን፤
ሰው ሁሉ የቀመሰውን በአንዲት ቃል ጽፌ ላብቃ አሁን።
አጭር ናት፤ ሁለት ጊዜ ያንብቧት፣ ቀስ ብለው፣ ሳይተፉ፣ በክብር፦

ማር።