ሦስተኛዋ ሣጥን

ሐወሊ፣ ከቱኒስ መንገድ ጀርባ፣ ምድር ቤት፣
ሃያ ሁለት ሱቅ አለ ጎን ለጎን የቆመበት፤
ሃያ ሁለቱም የሚሸጠው አንድ ዓይነት።

እኔ ኑርሁሴን ነኝ፤ የአቡ መሻሪ ሠራተኛ፣
ቀን ሻጭ፣ ማታ ጠጋኝ፣ ከእኩለ ሌሊት በፊት የማልተኛ።
ሰባት ዓመት አየሁ የሁለት ግዙፍ ፍልሚያ፣
አንዱ ጥቁር ሣጥን፣ አንዱ ነጭ፣ ለአንድ ገበያ።
አንዱ “ሥዕሌ ጠራ” ሲል፣ አንዱ “እኔ ፈጠንኩ” ሲል፣
አንዱ አሥር ዲናር ሲጥል፣ ሌላው ዐሥራ አምስት ሲጥል፣
በኳስ ተጫዋቹ ግንባር እስኪታይ የላብ ጠብታው፣
ላብ እየቆጠሩ ሄዱ፤ ተረሳ ግን ጨዋታው።

ማታ ማታ ሆዳቸውን በብሎን መፍቻ ስከፍተው፣
ያው ማራገቢያ፣ ያው ሰሌዳ፤ ስም ነበር የለያያቸው።

ያኔ ነው የመጣች ሦስተኛዋ ሣጥን፣
ከምሳ ዕቃ የማትበልጥ፣ የማታውቅ መፍጠን፤
ሥዕሏ የልጅ ሥዕል፣ ክብ ሆድ በክብ ራስ፤
ቢጁ፣ የኬረላው፣ ሳቀባት እስከሚያስል ድረስ።
ብትሮጥ በእነሱ ሜዳ፣ በእነሱ ፊሽካ፣
አቧራ ትቅም ነበር፤ አልሮጠችም ለካ።
“ማን ቀደመ?” አይደለም፣
የእሷ ጥያቄ፦ “እስከ ዛሬ ማን አልተጫወተም?”
መያዣዋ ሁለት ነው፤ አንድ ሰው ቢጨብጥ
አትነቃም፣ ሁለተኛው ጎኑ እስኪቀመጥ።

አንዲት እናት መጣች ሐሙስ ማታ ከሰልዋ፣
“ልጄ በሩን ዘግቶ...” አለች፤ ተቋረጠ ቃልዋ።
ዋጋ አልጠየቀችም፤ ፍጥነት አልጠየቀችም፤
ሁለቱን መያዣ ይዛ አንዱንም አልለቀቀችም።
በማግስቱ አንድ ሽማግሌ፣ አባቱ ዕንቁ ጠላቂ፣
የልጅ ልጁን ረትቶ ሆነ እንደ ጥጃ ቦራቂ።
“አባቴ ይለኝ ነበር” አለ፣ “ጀልባ ሁሉ ካለበት
ዛጎል ትለቅማለህ፤ ዕንቁ የለም እዚያ ቤት።”

ያን ሌሊት እንቅልፍ የለም። ሃያ ሁለት ሱቃችን፣
በአንድ ዕቃ፣ በአንድ ቃል፣ አንገት ላንገት ታንቀን፣
ዋጋ ስንሰብር ነው የምንሰበር ራሳችን።

“አቡ መሻሪ” አልኩት፣ “ዋጋ መቁረጥ ይቅርብን፤
መስታወቱን እናንሳ፤ ሶፋ ይግባ፤ ሰው ይቅረበን።”
ጢሙን ይዞ ዝም አለ። የኪራይ ወረቀት አየ።
“ሁለት ወር” አለ በጣቱ። ሁለተኛው ሳያልቅ ታየ፤
ከሃያ ሁለቱ ደጃፍ የእኛ ደጃፍ ተለየ።

ትናንት ፊት ለፊት ያለው ሱቅ ያው ዓይነት ሶፋ ገዛ።
“አሁንስ?” አለኝ ቢጁ፣ ቆሞ ሲያየው እንደ ዋዛ።
አሁንማ ሌላ ይታሰባል።

በእኛ ቋንቋ “መለየት” ሁለት ፊት ነው ያለው፤
ልዩ ሆኖ መገኘት፣ ተለይቶ መቅረት ነው።
ሣጥኗ ፊተኛውን መርጣ ከበረች፤ ኋለኛው ለእኔ ደረሰኝ፤
በየወሩ እፈርማለሁ፣ ይሰጡኛል ደረሰኝ።

ዓርብ ከጃብሪያ ትመጣለች ሙሐባ፤ ሁለት ሰዓት
ብቻ ነው የፈቀዱላት፤ ከዚያ ሹፌር ነው የሚወስዳት።
“ጨዋታ አምጣ እንጂ!” ትላለች ጫማዋን አውልቃ፤
የቱን ይሆን? አልጠይቅም።
አንዱን እሷ፣ አንዱን እኔ ጨበጥን፤
የሣጥኗ መብራት ነቃ።