አዲስ ዓይን

ሌሊት ነው ቤርሼባ፤ አሸዋው መስኮቱን ይልሳል፣
የልጄ ኢንኩቤተር ሰማያዊ ጨርቅ ለብሷል።
እጄን ሁለቴ ታጥቤ፣ በአልኮል አርሼ፣
ጠርዙን ገለጥ አደረግኩ፣ ነርሷ ስትዞር ተመልሼ።
ትየኝ ብዬ ነው።
ጭላንጭል ቢገባላት፣ እናቷን ብታውቅ፤
አንድ ኪሎ ከመቶ ናት፣ ሌላ ምን ልጠይቅ?

«ተይ» አለችኝ የዓይን ሐኪሟ፣ ዶክተር ላሪሳ፤
ዕብራይስጧ እንደኔው ነው፣ እያነከሰ የሚነሳ።
«ዓይኗ ብርሃን አልጠራም፤ ገና ፊደል ይቆጥራል፣
ትምህርት ቤቱ ጨለማ ነው፤ ደወሉም ከውስጥ ይደወላል።»

ከወተቴ ጠርሙስ ላይ የተላጠውን ወረቀት
ገልብጣ ሣለችበት፦
ክብ፣ ክብ፣ ክብ፤ ጎን ለጎን፣ እንደ ዶቃ የተሰካ።
«ይኼኛው ጠብታ ይረጫል፤ ጎረቤቱን ሲነካ
ያም ይነቃል፤ በተራው ይረጫል ለሌላው፤
ሞገድ ሆኖ ያልፋል በዓይኗ ወለል፣ ማንም ሳያየው።»

«ስሙስ?» አልኳት፣ «የጠብታው?»
«አሴቲልኮሊን።» ምላሴ ላይ ተንገዳግዶ ወደቀ ቃሉ፣ ገና ሳልጨርሰው።
«የመጀመሪያው መልእክተኛ ነው፤ ጊዜው ሲያልፍ ሌላ ይተካል።
በአይጥ ግልገል ነው ያየነው፤ በልጅሽ ግን… ይገመታል።»
ይገመታል ማለቷን ወደድኩላት።

እኛስ ጎንደር፣ በኪራይ ቤት፣ ስድስት ዓመት ስንጠብቅ፣
ይህን አገር አልነበር የምናወራው፣ መልኩን እንኳ ሳናውቅ?
«ስም ወጣ» ይላል አንዱ፤ በግድግዳ ያልፋል ወሬው፣
እስኪነጋ ሰፈሩን ያዳርሳል። ውሸት ነው።
ውሸቱ ግን አሰናዳን፤ በውስጣችን መንገድ ቀደደ፣
አውሮፕላኑ የመጣ ዕለት እግራችን ብቻውን ሄደ።

ጨርቁን መለስኩት። ጠርዙን ከፍራሹ ሥር ወተፍኩ፤
እጄን በቀዳዳው ሰድጄ ውስጥ እግሯ ላይ አሳረፍኩ።
ከአውራ ጣቴ ያንሳል፣ እግሯ።

ዓይናዲስ አያቴ ነበረች፣ ኋላ ሞራ የጋረዳት፤
ስሟን ለዚች አወረስኳት።
«ዕብራይስጥ ስም የላትም?» ትላለች ነርሷ፤ ዝም እላለሁ፤
አዲስ ዓይን እየተሠራ ስሙን እንዴት እለውጣለሁ?

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ባሌ ከአውቶቡስ ጋራዡ ላከ፦
«አየችሽ?»
ጣቴ ስልኩ ላይ ዘገየ። ነፋሱም ደከመው መሰለኝ፣ መስኮቱን አልነካ።
«ገና ናት» ብዬ ጻፍኩ፤ «ግን ውስጧ እያወሩ ነው።»
«እነማን?» አለ።
ወተቴን ላልብ ተነሳሁ። አላወቅኩም እንዴት እንደምጽፈው።