ቀሪ

አሥራ ዘጠኝ ዓመት
የዕድሩን መዝገብ በብብቴ ይዤ፣
ከቱሉ ዲምቱ ጀርባ፣ በአቧራው መንገድ፣
ከቀብር ወደ ቀብር ተጉዤ፣
ዛሬ ቁልፉን አስረከብኩ።
የድንኳኑን፣ የድስቱን፣ የወንበሩን መጋዘን ደጅ፤
እንዲህ ይቀል ኖሯል ለካ፣ ሲወጣ ከሰው እጅ።

ሐቁን ልናገር እንጂ፦
መጀመሪያ ዳኛ ስባል፣
ቀብር ላይ ስም ስጠራ፣ ድምፄ ለራሴ ያምረኛል።
አፈሩ ሳይደርቅ ገና፣ ሐዘንተኛው ሳይበተን፣
ቀይ እስክሪብቶ መዝዤ፣ እለያለሁ ያልመጣውን።
"አለሁ" ላለ ጭረት፣ ዝም ላለ "ቀሪ"፤
ሕዝብ አመነኝ ብዬ፣ አረፍኩት ቆጣሪ፣
በር ላይ እንደሚሰቀል፣ እንደ መብራቱ ሣጥን፣
ፍጆታውን የሚጽፍ፣ የማያይ ጨለማውን።

ወይዘሮ ሸጊቱ
ሦስት ቀብር ቀረች፣
ምክንያት እንኳ አልላከች።
ሦስቴ በቀይ ጻፍኩ። ደንቡ ግልጽ ነው አልኩኝ፣
የመቀጫው ደብዳቤ ላይ ማኅተም መታሁኝ፣
ራሴ ላድርሰው ብዬ፣ ማታ ተነሣሁኝ።
(ለምን ራሴ እንደሆነ
ዛሬ ነው የገባኝ፦ ስትደነግጥ ላይ ነው።)

ከፈጣን መንገዱ ማዶ፣ የመኪና መብራት ያልፋል፣
የእሷ ቆርቆሮ በር፣ በነፋስ ይንኳኳል።
ገባሁ።
ጋሽ ዱጋሳ፣ የፈትል ፋብሪካው፣ በር የማይበቃው ትከሻ፣
ተኝቷል፤ ግማሽ ጎኑ በድን፣ ከአንገቱ እስከ መጨረሻ።
ሸጊቱ አልተቆጣች። ወረቀቴንም አላየች።
"እንኳን መጡ፣ እግሩን ያዙልኝ፣ ላገላብጠው" አለች።
ያዝኩ።
ከበደኝ። ቀዘቀዘኝ።
"ዕድሩ ለሞተ ነው፤ አውቃለሁ" አለች በዝግታ፤
"የእኔው ሰውዬ ነው እንግዲህ የዘገየ። ይቅርታ።"

ደብዳቤው ኪሴ ውስጥ ቀረ።
ግን በዚያች ሌሊት ሰው ሆንኩ ብል
ዋሸሁ። መቀጫውን ከኪሴ ከፈልኩ፣ ማንም ሳያውቅብኝ፤
መዝገቡን ግን አላረምኩም፣ ተሳሳተ እንዳይሉኝ።
አንዲት ቃል ለመሰረዝ
ሁለት ክረምት ፈጀብኝ።

በጠቅላላ ጉባኤው ቀን፣ ድንኳኑ በዝናብ ሲንኳኳ፣
"ሸጊቱ አልቀረችም" አልኩ፤ "ቀሪው እኔ ነበርኩ ለካ።"
አንዱ ሳቀ። አንዱ ሳለ። ለፋፊው ዘውገ ጡሩንባውን
በጋቢው ጫፍ ይወለውላል፣ አቀርቅሮ አንገቱን።
ከዚያ አንዲት አንቀጽ ገባች፣ ከገጹ ጠርዝ፣ በእጅ፦
"ቀሪ ተብሎ ሳይጻፍ፣ ይንኳኳ የሰውየው ደጅ።"

ይኸው ነው። ሌላ አልሠራሁም።
አዳራሹ ሲያልቅ፣ ኮሚቴው
ስሜን በእብነ በረድ ሊያስቀርጽ ተነሣ።
እምቢ አልኩ። ሰው አጨበጨበ። ማን ያውቃል ከእኔ በቀር፣
የፊደሉን ቁመት ስለካ፣ ሌሊቱን እንደማድር?

ባለፈው፣ አመሻሹ ላይ፣ ከታክሲ ወርጄ ስዘልቅ፣
አዲሷ ዳኛ ሌንሴን አየኋት፣ ጭቃ ውስጥ ስትጠልቅ።
በስልኳ መብራት፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጥግ፣
የአንድ ተከራይ ቆርቆሮ ታንኳኳለች።
"ሁለት ቀብር የቀረ ልጅ ነው፤ ምን ገጥሞት ይሆን?" አለች።
"ማን አዘዘሽ?"
"ኧረ ጋሼ! ድሮም እኮ እንዲህ ነው፤
የሰፈራችን ልማድ ነው።"
ምላሴ ጫፍ ላይ መጣች፣ "እኔ ነኝ" የምትል ቃል፤
ዋጥኳት። እስካሁን ድረስ ጉሮሮዬ ይቃጠላል።

እና ሌንሴ፣ አንድ ቀን፣
ዘውገ ጡሩንባውን ይዞ፣ ንጋት ላይ በስሜ ሲጣራ፣
ቀብሬ ላይ፣ በስሕተት፣ ስሜም ከሰው ጋር ቢጠራ፣
ሕዝቡም ዝም ቢል፣ ባሕር ዛፉ ብቻ ቢያወራ፣
አትደንግጪ። መስመርም አታስምሪ።
በዚያን ቀን ብቻ ደንቡን ጥሰሽ፣
ደጄን ሳታንኳኪ፣ ሳትፈሪ፣
ከስሜ ትይዩ ጻፊ፦
ቀሪ።