የወንዴ መስመር

ነሐሴ ነው ቡሬ፣ ጭቃው ጫማ በልቷል፣
በቆሎው በቁመት እኔን ጥሎኝ ሄዷል።
አዲሱን ሥራዬን ብትሰማው ትስቃለህ፤
ወንዴ ነቃይ ሆንኩኝ፣ ካላመንክ ታያለህ።

ስማቸው ካቦው ነው፣ ጃንጥላ ዘርግቶ፣
"ሦስት መስመር ሴቴ፣ አንድ ወንዴ" ይላል ጣቱን አውጥቶ።
ከሦስቱ ላይ አናት፣ ብናኙ ሳይነሳ፣
እየመዘዝን መጣል፣ አንድ ሳንረሳ።
አንዷ እንኳ ብታመልጥ ራሷን ትድራለች፣
ማሳዋ ከምርጥ ዘር እህል ትባላለች፣
ለወፍጮ ትሄዳለች።

አፌ መቼ ያርፋል፣ ጠየቅሁት አንድ ቀን፦
"ባንድ አገዳ ሲኖሩ፣ እሱ ከላይ፣ እሷ ከጎን፣
እኛ ምን አገባን?"
"ከጎረቤት መስመር እንድትወልድ ነዋ!"
ሳቀና ጸጉሯን ነካ፣ ያን እርጥብ ፈትል፦
"አንድ ክር፣ አንድ ፍሬ። መንገዱ ይሄ ነው።
ብናኝ ያልደረሰው ባዶ ጉድጓድ ነው።"
ያኔ የጠበስነው፣ ያ ጥርሰ ወላቃ፣
ለካ ደጅ ሲጠና ሰው አጥቶ ነው በቃ።

ከዚያ ወዲህ ዓይኔ አርፎ አያውቅም።
የእናትህ ዱባ ትዝ አለኝ፣ አበባው ቢረግፍ
"ዓይን በላው" ብላ አጥሩ ላይ ቀንድ የሰቀለችለት።
ማንም አልበላው። ወንዴዎቹ ናቸው፣
ቀድሞ ፈክቶ መርገፍ ልማድ አለባቸው።
ሴቴዋ ኋላ ናት፤ ንብ ገና ሳያያት
ከአበባዋ በታች ትንሽ ሆድ አለላት።
(ይህን ለእናትህ አልነግርም።)

አተር ደጅ አይወጣም፣ ባልና ሚስት ባንድ አልጋ፣
በሩን ጥርቅም አርጎ ያፈራል ሳይነጋ።
እቀናበታለሁ።

የእኔና ያንተ ነገር የኮሶ ነው፣ ደምለው።
በአገርህ በስናን ካባትህ ደጅ ያለው
ዘለላው ቢጫ ነው፣ ፍሬ መች አለው?
ቀይዋ ማዶ ናት፣ ከገደሉ ባሻገር፣
ሰው ለመድኃኒት የሚወጣባት።
እሱ እዚህ፣ እሷ እዚያ፣ ሳይነካኩ ቆመው
ስንት ዘመን ወለዱ።
መሀላቸው ነፋስ ብቻ።

ከመተማ ቡሬ ግን ምን ነፋስ ይነፍሳል?
የሰሊጥ አራሚ ባል በምን ይመለሳል?
"ጥሪ አይቀበልም" ትለኛለች ያቺ የስልክህ ሴት፣
ይኸው ሦስት ሳምንት።

ባለፈው ማክሰኞ፣ ከዳር ያለች አንዷን አለፍኳት።
ረስቻት አይደለም። እጄ እምቢ አለኝ።
ዛሬ ስማቸው አይቶ አናቷን ቀነጠሰ፣
ከደሞዜም ላይ ግማሽ ቀን ቀነሰ።
ይቀንስ።
ጸጉሯን አየሁት እኔ፤ ጫፉ ጠቁሮ ደርቋል።
ያልተነካ ክር እርጥብ ነው፣ ይጠብቃል፤
የጠቆረው ደርሶታል።

ለኅዳር ሚካኤል ብለኸኛል።
አትጠገብ ጎረቤቴ "ነይ ልሥራሽ" እያለች፣
ማበጠሪያ ይዛ በየማታው ትመጣለች።
እስካሁን ራሴን አልሰጠኋትም።
የነሐሴ ዝናብ ሲመታው ይውላል፤
ይሁን፣ እርጥብ ይቆይ።