ያልኩትን በልልኝ

የካ አባዶ፣ ብሎክ ሰባ አራት፣ ከደረጃው ሥር፣
እሑድ ረፋዱ ላይ ቆመን ስንከራከር፣
ነገሩ የውኃ ነው፦ ፓምፕ ይገዛ፣ አይገዛ፤
ቃሉ እየከረረ፣ ሰዉ እየበዛ።

እኔ ከአራተኛ ፎቅ፣ ጄሪካን ያጎበጠኝ፣
ቧንቧዬ በከፈትኩ ቁጥር «ፉ» ብሎ የሚሸኘኝ፣
ድምፄን ከፍ አደረግኩ፦ «እናንት ታች ያላችሁ፣
ውኃው ደጃችሁ ወርዶ፣ ሌላው ቢጠማ ምን ገዷችሁ!»
ተጨበጨበልኝ። ያሸነፍኩ መሰለኝ።

ወይዘሮ ትርፍነሽ፣ የምድር ቤቷ፣
ሽንኩርት ስትለቅም፣ ሰፌዱ ከጉልበቷ፣
ቀና ሳትል እንኳ፦ «መልስ አልሰጥህም ገና፤
ያልኩትን በልልኝ በቅድሚያ፣ ልስማህና
‹አዎ፣ ያልኩት ይኼን ነው› ካልኩህ በኋላ
ያኔ ርታኝ። እስካሁን የመታኸው ሌላ።»

«ፓምፕ አያስፈልግም ብለሻል።»
«አላልኩም።»
«የላይኞቹ ጉዳይ አያገባኝም ብለሻል።»
«አላልኩም።»
«ገንዘብ የለኝም ብለሻል።»
«አለኝ። እሱንም አላልኩም።»

ሦስቴ ወደቅኩኝ። ሰፈሩ ጭጭ አለ።
ከማዶ፣ የጤፍ ማሳው በቆርቆሮ ከታጠረበት፣
የብሎኬት ማሽን ብቻ ይንጫጫል፤
እሱ መልስ አይጠብቅም።

«ድገሚልኝ» አልኩ፣ «አልሰማሁሽም ነበር።»
ይቺን ለማለት የወረድኩት ደረጃ
ከቤቴ እስከ ምድር ካለው ይበልጥ ነበር።

«ፓምፑ ወደ ላይ ሲስብ የእኔ ቧንቧ አየር ይተፋል፤
ቆጣሪው ደግሞ አየሩንም ውኃ ነው ብሎ ይጽፋል።
ይገዛ። ግን በሰዓት ይሁን። ይኸው ነው ያልኩት።»

ደገምኩት በራሴ አፍ፣ ቃል በቃል፣ ቀስ ብዬ።
የሰው ሐሳብ ለካ እንደ ጄሪካን ነው፤
ቆመው ሲያዩት ቀላል፣
ተሸክመው ሲወጡ ክብደቱ ይታወቃል።

«አዎ፣ ያልኩት ይኼን ነው» አለች፤
ያን ጊዜ ነው ቀና ያለችው።
«አባቴ ችሎት ሲቆም፣ ‹ተጠየቅ!› ሲሉት
‹ልጠየቅ!› ይል ነበር፣ ኩታውን አጣፍቶ።
እናንተ ‹ተጠየቅ›ን ወረሳችሁ፤
‹ልጠየቅ›ን ማን ወሰደው?»

አልተስማማንም።
እኔ እስከ አራት ሰዓት ስል፣ እሷ እስከ ሦስት።
ቃለ ጉባኤው ላይ «በይደር» ተብሎ ተጻፈ፤
ፊርማዬ ከፊርማዋ ሥር አለ።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ከታች ድምፅ ተሰማ፦
«ተነሥ፣ መጥቷል! ጄሪካንህን ይዘህ ና።
እስከ ሦስት ያልኩበትን ምክንያት
እስኪሞላ እነግርሃለሁ፤
ከዚያ አንተ ትደግምልኛለህ።»