የመብራት እረፍት

ረቡዕ ሦስት ሰዓት ላይ መብራቱ ተለየን፤
ማተሚያው ግማሽ ደብዳቤ ነክሶ ቀረ፣ እርስ በርስ ተያየን።
ኃላፊው በመስኮት ሐይቁን አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ እኛን አየ፤
«እስከ ስምንት አይመጣም» አለ፤ ኮቱን ከወንበሩ ለየ።

ወጣን።
እኔ፣ ይታይሽ ከገንዘብ ቤት፣ እንዳላማው ከመዝገብ፤
በፌስታል ብርቱካን ይዘን፣ ትንሽ ቆሎ ለረሃብ።

መጀመሪያ ሐይቁ ዳር፤ ከዋርካው ሥር ጫማችንን አወለቅን፣
እግራችንን ለጣና ሰጥተን ሐሳባችንን ለቀቅን።
«ቢልሃርዝያ አለው» አለች ይታይሽ፤
ቀድማ የነከረችው ግን እሷ ነበረች።
አንዲት የደንገል ታንኳ እንጨት ጭና ከዘጌ በኩል ትመጣለች፤
ቀዛፊው ጎንበስ ቀና ሲል፣ ትቆማለች፣ ትቀርባለች፤
እንዲህም ሆና ከእኛ ፋይል ትፈጥናለች።
ፔሊካኖቹ እንደ ጡረተኛ አንገታቸውን ቀብረው
የዓሣ አጥማጁን እጅ ይጠብቃሉ፣ በተራ ተደርድረው።

ከዚያ እንዳላማው ድንገት ተነሣ፤ «ፏፏቴውን ሳላይ አልመለስም፤
አሥራ አንድ ዓመት ለእንግዳ ስተርከው ኖሬ፣ እኔ ግን አላየሁትም።»

ሚኒባሱ ዘለለ፣ አቧራው ገባ፣ ማንም መስኮት አልዘጋም፤
ከወንበር ሥር የታሰረች ዶሮ ሾፌሩን ከመስደብ አላረፈችም።

ጢስ ዓባይ ስንደርስ አንድ ልጅ ተቀበለን፣ ውዱ ይባላል፣ ቆፍጠን ያለ፤
ከድንጋዩ ድልድይ አሻግሮን፣ «ዛሬ ውሃው ትንሽ ነው» አለ።
«ምነው?» አልነው።
በአገጩ ወደ ታች አመለከተ፣ ቦዩን፣ የጣቢያውን ቆርቆሮ፤
«ለመብራት ሄዶ ነዋ፤ እዚያ ነው ያለው፣ ታስሮ።»

ዝም አልን።
ይታይሽ ሳቀች፤ ሳቋ ገደሉን ተሻግሮ ተመልሶ መጣ፤
«እኛ ልናየው ስንመጣ፣ እሱ ወደ ቢሯችን ወጣ!
መንገድ ላይ ተላልፈናል ማለት ነው፣ ሰላምታ እንኳ ሳንሰጣጣ።»

ከገደሉ ጫፍ ግን አንድ ክር ቀርቷል፣
ከጋቢ ጫፍ እንደተመዘዘ፣ ነጭ፣ ቀጭን፣
ነፋስ ሲነካው ወደ ጎን የሚሄድ።
ከግርጌው ትንሽ ይጨሳል።
ያም ቢሆን ጢስ ነው።

ውሃው ሙሉ ሲሆን ሰው በማይቆምበት አለት ላይ
ሴቶች ልብስ አስጥተዋል፤
መሃል ላይ፣ ነጎድጓዱ ይወድቅበት በነበረው ቦታ፣
አንድ ቢጫ የሕፃን ሹራብ እጆቹን ዘርግቶ
ፀሐይ ይሞቃል።

እንዳላማው ብቻውን እስከ ታች ወረደ።
ለእንግዳ የሚነግረውን እናውቃለን፦
ስፋቱን፣ ድምፁን፣ ከሩቅ የሚታየውን ቀስተ ደመና፣
ቁጥሮቹን ሁሉ በቃሉ።
አሁን ቁጥር አልጠራም።
ጤዛው መነጽሩ ላይ አረፈ፤ አልጠረገውም።
ስንደርስበት፣ «ከነገርኳቸው ያንሳል» አለ።
ቆየና፣ ብርቱካን እየላጠ፣
«እኔን ግን ይበቃኛል።»

ሲመለስ መንገዱ አጠረ፤ ዶሮዋም አልነበረች።
ይታይሽ ትከሻዬ ላይ እስከ ከተማው በር አንቀላፋች፤
ስትነቃ፣ አልተኛሁም አለች።

ዘጠኝ ሰዓት፤ ሰዓት አሳልፈን፣ በጓሮ በር ገባን።
መብራቱ መጥቷል።
ማተሚያው የቀረውን ግማሽ ደብዳቤ ተፋ፣
«…ስለሆነም አስፈላጊው እንዲፈጸም» ይላል፣ ገና ትኩስ ነው።
እጄን ጫንኩበት፣ የሆነ ነገር ልሰማ ያህል።
የእንዳላማው እርጥብ ጫማ
እስከ መዝገብ ቤቱ ድረስ በወለሉ ላይ ታትሟል።

አምፖሉ አንዴ ብልጭ ድርግም ብሎ ረጋ።
እንዳላማው ቀና ብሎ አየው፣
ረጅም መንገድ የመጣ ዘመድ እንደሚያዩት፤
«ደከመህ?» አለው፣ ቀስ ብሎ፣
ፋይሉን ከመክፈቱ በፊት።